ምላሴና አምስተኛው ቻናል

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ… ከዚያ ረዘም ያለ ጢ…ጥ።

ትናንት እሁድ ከምሳ በኋላ ያየሁት ሕልም የጀመረው በዚህ ድምፅ ነው። ገና ምንም አልታየኝም፤ ጨለማ ነው። ድምፁን ግን አወቅሁት። አውሮፕላኔ ባትሪ ሲሰካለት "ተዘጋጅቻለሁ፣ እጅህን ከፕሮፔለሩ አርቅ" የሚልበት ድምፅ ነው። ችግሩ ድምፁ የሚመጣው ከሆዴ ውስጥ መሆኑ ነበር። ምሳ የበላሁት ሽሮ መሰለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ የገዛ ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። እጆቼ ግራና ቀኝ ተዘርግተው በቡናማ ፕላስተር ከማስመሪያ ጋር ተጠፍረዋል። ወንበሬ ላይ ደግሞ ቡላ ተቀምጧል።

ቡላ ማለት አውሮፕላኔ ነው። ከፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ቆርጬ፣ በሙጫ አጣብቄ የሠራሁት፣ ከክንድ ብዙም የማይበልጥ አውሮፕላን። በእውኑ ዓለም ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ድሮ የኮምፒውተር ጌም መጫወቻ የነበረች አሮጌ ጆይስቲክ እይዛለሁ፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሶፍትዌር የእጄን እንቅስቃሴ አንብቦ በሽቦ ለሪሞቱ ይነግረዋል፣ ሪሞቱ በሬዲዮ ለቡላ ይነግረዋል፣ ቡላም ይታዘዛል። ማለቴ መታዘዝ ነበረበት። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ሲያበር፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ በመስኮት እያየሁ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው የማበረው። መብራት ከሄደ ቡላም ይሄዳል።

በሕልሜ ግን ጆይስቲኩን የያዘው እሱ ነው። ጃኬቴንም ለብሷል። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ እሱ ላይ ያምራል፤ ትከሻ አለው።

"ነቃህ?" አለኝ።

"ጋሼ ቡላ፣ ምን እየሆነ ነው?" አልኩት። ለምን ጋሼ እንዳልኩት አላውቅም። እጄ ታስሮ ሳለ ጆይስቲክ የያዘን ሰው አንተ ማለት አልሆነልኝም።

"ከመብረርህ በፊት እየፈተሽኩህ ነው፤ አትንቀጥቀጥ" አለና ጆይስቲኩን ወደ ግራ ገፋ አደረገው። ቀኝ እግሬ ዘለለ። ወደ ቀኝ ገፋው። ግራ ጆሮዬ ተርገበገበ። አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ቅንድቤ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ሁሉም በየቻናሉ፣ በየትእዛዝ መስመሩ፣ ይታዘዛል። እግርህ አንድ፣ እጅህ ሁለት፣ አንገትህ ሦስት፣ ሆድህ አራት…"

"ምላሴስ?"

ስክሪኑን በክንፉ ጫፍ እየነካካ ፈለገ። "ምላስህ አምስተኛው ቻናል ላይ ነው። ምንም ቁልፍ አልተሰጠውም።"

"ለምን?"

"እስከ ዛሬ መቼ ተጠቀምክበት?"

"እንዴ! አሁን እያወራሁህ አይደል እንዴ?"

"ከፎም ጋር ማውራት ቻናል አይፈልግም። በዚህስ ማንም አይደርስብህም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትለፈልፍብኝ ነው የምታድረው። እኔ የምልህ ከሰው ጋር ነው። ለመሆኑ ቅዳሜ ምን ብለህ መለስክላት?"

ለካ ሰው በሕልሙም ያፍራል።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። ወይንሸት ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ቡላ መጀመሪያ የወደቀ ቀን የተቀደደ ክንፉን በቁራጭ ጨርቅ ሸፍና የሰፋችለት እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ብቅ እያለች ታየናለች። ቅዳሜ መጣችና በሩን ተደግፋ፣ "ጅማ ያለችው አክስቴ ሥራ አግኝታልኛለች" አለችኝ። "እ…" አልኩ። "ሰኞ እንድነሣ ብላኛለች።" "እ…" አልኩ። "ጅማ ሩቅ ነው አይደል?" አለችኝ። "ለዚህ ሪሞት በጣም ሩቅ ነው፤ ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ካለፈ እንኳ አይሰማም" አልኳት። "ምንይችል፣ አንተ የምትነግረኝ ነገር የለም?" አለችኝ። አለ አልኩና ስለ ባትሪ ነገርኳት። ባትሪ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ካበጠ እንዴት እንደሚጣል፣ አሸዋ ውስጥ ስለመቅበር ሁሉ። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ "በል፣ ነገ ከሰዓት መጥቼ ሲበር አየዋለሁ፤ ለአክስቴም ደውዬ መልሴን የምነግራት ከዚያ በኋላ ነው" ብላ ሄደች።

ሰው ከዚህ በላይ በግልጽ እንዴት ይናገራል? እኔ ግን የገባኝ እሁድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ ወሰንኩ። ዛሬ ስትመጣ አንዲት ቃል ብቻ እነግራታለሁ፦ አትሂጂ። ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ያቺን ቃል እየተለማመድኩ፣ ስጠብቃት ነው እንቅልፍ የጣለኝ።

"ሁሉንም ሰምቻለሁ" አለ ቡላ፤ በሕልም ውስጥ ሰው ያሰበው ሁሉ ይሰማል መሰለኝ። "ዛሬ ሜዳው ላይ ትጠብቅሃለች። አብርሬህ በእግርህ ቆመህ ካረፍክ፣ ያቺንም ቃል ካልካት፣ ትቀራለች። በአፍንጫህ ከተተከልክ ግን ጅማ ትሄዳለች፤ አንተም ካርቶን ውስጥ ትገባለህ።"

"ካርቶኑ ይጠበኛል እኮ!"

"ከዚህ ክፍልህ ይሰፋል" አለ።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው መንገድ ላይ ነበርን። ቡላ ይራመዳል፣ እኔን በብብቱ ሸጉጦኛል። ከተማው አዳማ ነው፤ ግን ያዳማ ነገር ሁሉ ዞሯል። ከከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ቀጥ ብለው ቆመው ኮረብታው ይሽከረከራል። ባጃጆች ሦስት ሦስት ሆነው ሰው ላይ ተሳፍረዋል። አንዷ ባጃጅ "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች፤ የተሳፈረችበት ወፍራም ሰውዬ እያለከለከ ጥጉን ያዘ። አንድ ፈረስ ጋሪ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ስልክ ያወራል፤ ባለጋሪው ከፊት ይጎትታል።

"መጣሁ፣ መጣሁ፤ ሰውዬዬ ዛሬ ሰንፎብኝ ነው" ይላል ፈረሱ። "ኧረ ምሳውን በልቷል! ሽቅብ ሲሆን ነው የሚለግመው።"

ቀበሌው ደጃፍ ስንደርስ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ወርዷል። የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ፀሐይ ትመታቸዋለች። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት የሰፈራችን አትክልት ሻጭ እትዬ ጦይባ ናቸው፤ ቃሪያ እየመረጡ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ "እትዬ፣ እባክዎ፣ አንዲት ማኅተም ብቻ ላድርግልዎ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ" አላቸው።

"ነገ ተመለስ፤ ዛሬ ሲስተም የለኝም" አሉት ቀና ሳይሉ።

"ትናንትም እንዲሁ ብለውኝ ነበር እኮ እትዬ…"

"ታዲያ ትናንት ያልነበረ ሲስተም ዛሬ ከየት ይመጣል? ቀጣይ!"

ቡላ ሰልፉን አልፎ ሄደ፤ ማንም ምንም አላለውም። "ይሄን ልጅ ላበረው ነበር፤ ፈቃድዎን ብዬ" አላቸው።

እትዬ ጦይባ እኔን እንደ ቲማቲም አገላብጠው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉኝ። "ክንፍ አለው?"

"ማስመሪያ አለው።"

"ልብስ?"

"ልብ አለው፤ ግን አያገለግልም።"

"እኔ የጠየቅሁት ልብሱን ነው። ይሁን፣ ውሰደው። ሰማይ ላይ ብዙ አታቆየው፤ ይሄ ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ነው።"

ከመስኮቱ ዞር ስንል ራሴን የድሮ ትምህርት ቤቴ ውስጥ አገኘሁት። ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህር ዝናቡ የተማሪ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠው ፈተና ይፈተናሉ። ዴስኮቹ በክፍሉ መሐል እየተንጎራደዱ ይጠብቃሉ። መምህር በዓይናቸው ጠቀሱኝና በሹክሹክታ፣

"ምንይችል፣ ልጄ፣ ተባበረኝ። ወደ ላይ በየት በኩል ነው?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ መምህር?"

"ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩት፤ አንድም ቀን ወጥቼ አላየሁትም። በል ቶሎ በል፣ ዴስኩ እየመጣ ነው!"

ልነግራቸው ፈልጌ ወደ ጣሪያው ልጠቁም አልኩ። እጄ ሁለተኛው ቻናል ላይ ስለሆነ አልነሣ አለ። ዴስኩ መጣና ወረቀታቸውን ነጠቃቸው። "ተኮራረጃችሁ!" አለ፣ በእንጨት ድምፅ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ማንም ከእኔ ኮርጆ አያውቅም ነበር። በእውነት ደስ አለኝ።

ሜዳው ያው ከቤቴ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ግን ስታዲየም አክሏል። ተመልካቾቹ በሙሉ አውሮፕላኖች ናቸው። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከኋላ ሆነው ትንንሾቹን ትከሻቸው ላይ ሰቅለዋል። የፌስታል ካይቶች ሕፃናትን በክር አስረው ሽቅብ ይለቋቸዋል። ቆሎ እያዞረ የሚሸጥ ሄሊኮፕተር አለ፤ ነፋሱ ቆሎውን ስለሚበትነው ማንም አይገዛውም።

ከመሐላቸው ወይንሸት ለብቻዋ ቆማለች። ጥቁር ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ነጭ ጫማዋን አድርጋ። ከኋላዋ ጅማ የሚሄድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ጅማ፣ ጅማ፣ ጅማ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል።

ሁለት አሮጌ አውሮፕላኖች ከጎኔ ሲያወሩ ሰማሁ።

"ይሄ ከምንድን ነው የተሠራው?"

"ከሽሮ ነው ይባላል።"

"ሚዛኑን ይጠብቃል?"

"ጭንቅላቱ ቀላል ሆኖባቸው ነበር አሉ። አሁን ጠጠር ጨምረውበታል።"

"መቼም በየጊዜው አዲስ ነገር አያጡም።"

አንዱ ታፋዬን፣ ሌላው ብብቴን ያዘና ወደ ፊት ወረወሩኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሞተር ጮኸ። ነፋሱ ጉንጬን ሲሞላው ከፍ ያልኩ መሰለኝ። ቡላ ጆይስቲኩን ወደ ደረቱ ሳበ። ጆይስቲክ ወደ ደረት ሲሳብ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ይሄ የአብራሪ ሀሁ ነው። የእኔ አፍንጫ ወደ ታች ዞረና መሬት ገባ። እንደ ፍልፈል አፈር እየበተንኩ እስከ ትከሻዬ ሰመጥኩ።

"ተገልብጧል!" አለ ሕዝቡ። "ሪቨርስ ነው! ሪቨርስ ነው!"

ከአፈሩ ውስጥ ሆኜም ገባኝ። በእውኑ ቡላንም የሚጥልብኝ ይኸው ነገር ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ "ሪቨርስ" የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ አንዱ ቻናል ተገልብጦ ሲሠራ እሷን አንድ ጊዜ መንካት ነው፣ አለቀ። ግን የላፕቶፔ ስክሪን ጥጉ ጠቁሯል፤ ሳጥኗም ያለችው ጥቁሩ ውስጥ ነው። በማውስ ስንት ጊዜ በጨለማ ዳብሼ አጣኋት። መጨረሻ ላይ ሶፍትዌሩን ማስተካከል ሲያቅተኝ ራሴን አጣመምኩ። መውጣት ስፈልግ መግፋት፣ መውረድ ስፈልግ መሳብ፣ ለግራ ቀኝ፣ ለቀኝ ግራ። ሳምንት ሙሉ ተለማምጄ ለመድኩት። እንዲያውም ኮራሁበት። የሚቀለው ስክሪን መቀየር ነበር የሚል ሰው አጠገቤ ስላልነበረ።

አውሮፕላኖቹ በእግሬ ስበው አወጡኝ። ወይንሸት ጃንጥላዋን አንድ ጊዜ አዞረች። ረዳቱ "ጅማ! የሞላ! ልንነሣ ነው!" አለ።

"ጋሼ ቡላ" አልኩ አፈር እየተፋሁ፣ "ግፋው! መውጣት ስትፈልግ ግፋ!"

እንደገና ተወረወርኩ። ቡላ ገፋ፤ እኔም ወጣሁ! ከቆርቆሮው በላይ፣ ከመብራት ሽቦው በላይ ወጣሁ፤ ሸሚዜ ተገልቦ ሆዴ ታየ እንጂ ሌላው ሁሉ እንዳሰብኩት ነው። አንድ ዙር ዞሬ፣ ወይንሸት ፊት ለፊት፣ በሁለት እግሬ፣ ቀጥ ብዬ አረፍኩ። ሕዝቡ ክንፉን አጨበጨበ። ከአንድ ክንድ ርቀት አየችኝ። እየጠበቀች ነው።

"ምላሴን!" አልኩ በሆዴ። "ጋሼ ቡላ፣ በእግዜር፣ ለምላሴ ቁልፍ ስጠው!"

ቡላ ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን የተኩስ ቁልፍ ሰጠው። ከጌም ጊዜዋ የቀረች ቀይ ቁልፍ ናት። ተጫናት።

ልላት ያሰብኩት "እንኳን መጣሽ" ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ "ደግሞ አንቺን ማን ጠራሽ?"

"ኧረ በስማም!" አለች አንዲት አሮጌ አውሮፕላን።

ደነገጥኩ። ለማስተካከል ብዬ ጃንጥላሽ ያምራል ልላት ሞከርኩ። "ይሄን ጃንጥላ ከፊቴ አጥፊልኝ" ብዬ አረፍኩት።

ወይንሸት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ረዳቱ ሻንጣዋን ተቀበላት። ከየት ያመጣችው ሻንጣ እንደሆነ አላውቅም።

"ጋሼ ቡላ! ምላሴም ተገልብጧል! ሪቨርሱን ንካው!"

"ሳጥኗ ጥቁሩ ውስጥ ናት" አለ ቡላ ስክሪኑ ላይ አቀርቅሮ። "ኧረ የለችም።"

"ምን ይሻለኛል ታዲያ?"

"እኔን ስታበረኝ ምን ነበር የምታደርገው?"

ልክ ነው! እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም? በዚህ ምድር ላይ ተገልብጦ የሚሠራን ነገር አቃንቶ ማብረር የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ደስ ላሰኛት ስፈልግ የሚያስቀይማትን፣ ላስቀራት ስፈልግ የሚያስኬዳትን መናገር ነው። ደረቴን ነፋሁ፤ ነፍሴን ሰበሰብኩና፣

"ሂጂ!" አልኳት።

"አትሂጂ" ሆኖ ወጣ። ለስላሳ፣ በወንድ ድምፅ፣ ከሬዲዮ እንደሚሰማ።

ወይንሸት ቆመች። ረዳቱ ሻንጣዋን መለሰላት።

"ብትሄጂ ምን ቸገረኝ!" አልኳት። ብትሄጂ እታመማለሁ ሆኖ ወጣ። ፈገግ አለች። "በመጣሽ ቁጥር ሥራ ነው የምታስፈቺኝ!" አልኳት። በመጣሽ ቁጥር እጄ ይቀናል ሆኖ ወጣ። አውሮፕላኖቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ የትልልቆቹ እንባ ሜዳውን አጨቀየው። አውቶቡሱ ሞተሩን አጠፋ። ወይንሸት ጃንጥላዋን አጠፈችና ወደ እኔ መጣች፤ እኔም በየቃሌ ትንሽ ትንሽ ከመሬት ከፍ እያልኩ ነበር። እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ "አቤት" ለማለት እንኳ የሚተናነቀኝ ሰውዬ ዛሬ ቃሉ እንደ ቧንቧ ውሃ ይወርድልኛል። የቀረኝን ሁሉ፣ ቅዳሜ በባትሪ የሸፈንኩትን ሁሉ፣ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም የማልናገረውን ሁሉ ባንድ ላይ አድርጌ፣ በቻልኩት መጠን ጮኼ፣

"ውጪልኝ! ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ! ዓይንሽን ማየት አልፈልግም!" አልኳት።

በገዛ ድምፄ ነቃሁ።

ጉንጬ ኪቦርዱ ላይ ነው። "አልፈልግም" የምትለዋ ቃል ገና ክፍሉ ውስጥ አለች፤ በወንድ የሬዲዮ ድምፅ ሳይሆን በእኔው በቀጭኑ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ዓይኔን ወጋችኝ። ቀና ስል ወይንሸት ከፊቴ ቆማለች። ነጭ ጫማዋን አድርጋለች። ቡላን በሁለት እጇ፣ ከሆዱ ሥር፣ አንድ ቀን እንዴት እንደሚወረወር እንዳሳየኋት አድርጋ ይዛዋለች። ባትሪውን ሳይቀር ሰክታለታለች።

"ወይንሸት" አልኳት። "ሪቨርስ ነው።"

አየችኝ።

"ማለቴ… ሳጥኗ ጥቁሩ ውስጥ ሆና…"

ቡላን አልጋው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። የጎበጠ ክንፉን በመዳፏ አቃናችለት። ከበሩ ጀርባ ጃንጥላዋን አነሣችና ወጣች።